ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም

ነሐሴ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ከቤታችን ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር ሴት እናቷ አረፉባት። ሴትየዋን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። በክረምት ሐይቁ ዳር በቆሎ ጠብሳ ትሸጣለች፤ በበጋ ደግሞ ቆሎ። እኔ የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ነኝ። በጠዋት ስልኬ ጠራ። የእድሩ ዳኛ ናቸው።

"መዝገቡን እስቲ እየው፤ ስንት ወር አለባት?"

አየሁት። አራት ወር። መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ውዝፉን እስኪያጠናቅቅ ድረስ ከእድሩ ምንም አገልግሎት አያገኝም ይላል። ዳኛው ትንሽ ዝም አሉ። "ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉኝ። ልባቸው ወዲያና ወዲህ ሲል በስልኩም ይሰማኝ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

"የመርህ ጉዳይ ነው" አልኩ።

ጡሩንባው አልተነፋም። ድንኳኑ ከመጋዘን አልወጣም። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው የተቀመጠው በሴትየዋ ደጅ በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር ነው። እኔም ጎረቤት ነኝና ሄጄ ተቀመጥኩ። ሸራው መሐሉ ላይ ውኃ እያቆረ ወደ ታች ይረግባል። አንድ ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ይገፋዋል፤ ውኃው በጎን ዘርገፍ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያቁራል። ልጁም ደግሞ ይነሣል። አንድ ጊዜ የተገፋው ውኃ ንፍሮው ትሪ ላይ ወረደ። ማንም ምንም አላለም። ወደ እኔ ዞሮ ያየም ሰው የለም። የከበደኝ እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ነገሩ ተነሣ። እኔ ደንቡን አነበብኩ። ከዚያ የተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። "ዛሬ ለአንዷ ብንተውላት ነገ ሁሉም አልከፍልም ቢል እድሩ ይቆማል ወይ?" አልኩ። ክርክሬ ደካማ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አሁንም ደካማ ነው አልልም። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ።

ከኋላ ወንበር ሰፈሩ ሁሉ "አባባ" የሚላቸው አዛውንት ተነሡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ እድር ለምን እንደተጀመረ ታውቃለህ?"

"ለመረዳዳት ነው፤ አንቀጽ አንድ ላይ አለ" አልኩ።

"እሱ የወረቀቱ ነው። እኔ የምጠይቅህ ምን ሆኖ እንደተጀመረ ነው።"

አላውቅም ነበር። ታሪኩን ነገሩን። ያኔ ሰፈሩ ገና ጥቂት ቤት ነበር። ጀልባ መቆሚያው አካባቢ ጭነት የሚሸከም አንድ ሰው በክረምት ሞተ። ዘመድ የለውም። ሬሳው አንድ ቀን ሙሉ ተሸካሚ አጥቶ ዋለ። በማግስቱ አራት ሰዎች ትከሻ እየተቀያየሩ ወሰዱት፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ሲመለሱ አንድ ጥግ ዝናብ ተጠልለው ቆሙ። "ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ" አሉ። "ያን ቀን የተባባልነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዛሬ ወዲያ በዚህ ሰፈር ሰው እንዲህ አይቀበርም አልን። መዋጮውም፣ መዝገቡም፣ ሦስት ወሩም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።"

ተቀመጡ። ሌላ አልተናገሩም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍልስፍና በዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ነኝ። "መርህ" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። በቢሮ ቋንቋማ "በመርህ ደረጃ ተስማምተናል" ሲባል ጉዳዩ እንደማይፈጸም ሁላችንም ገብቶናል። እኔ ግን ቃሉን ለሰው ፊት ለመንሣት ተጠቀምኩበት። ስለዚህ ወደ ቃሉ ልመለስ።

መርህ የግእዝ ልጅ ነው። መርሐ ማለት መራ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። መሪም፣ መሪጌታም፣ መርሐ ግብርም ከዚሁ ቤት ናቸው። በእኛ ቋንቋ እንግዲህ መርህ ከፊት የሚሄድ ነገር ነው። እኛ ከኋላ እንከተለዋለን።

ግሪኮቹ ለዚሁ ነገር የሚሉት ቃል አርኬ ነው። አርኬ መጀመሪያ ማለት ነው። ግዛት፣ ሥልጣን ማለትም ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ውስጥ መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጀመረው ይገዛል እንደ ማለት ነው። ላቲኖቹ ቃሉን ፕሪንሲፒየም ብለው ወሰዱት፤ እሱም መጀመሪያ ማለት ነው። በእነሱ አነጋገር መርህ ከኋላችን ያለ፣ የተነሣንበት ቦታ ነው።

ከፊት ወይስ ከኋላ? ቃላት ላይ መራቀቅ ሊመስል ይችላል። ግን ስብሰባው ላይ የተጋጨነው እዚህ ላይ ነበር። እኔ መርህ ስል ከፊቴ የተቀመጠውን አንቀጽ ማለቴ ነው። አባባ ደግሞ ከኋላ ያለውን ቀን ነው የጠየቁኝ።

የመጀመሪያዎቹ የግሪክ ፈላስፎች አርኬን የፈለጉት በቁስ ውስጥ ነበር። የሚሌጦሱ ታሌስ የሁሉም ነገር አርኬ ውኃ ነው አለ። አናክሲሜኔስ አየር ነው አለ። ተማሪ ሳለን በታሌስ ስንስቅ ትዝ ይለኛል። ጣና ዳር አሥር ክረምት የኖረ ሰው ግን ቶሎ አይስቅበትም። እዚህ ሣሩም፣ ዓሣውም፣ ትንኙም፣ ወባውም፣ እንጀራውም ከውኃ ነው የሚነሣው።

አርስቶትል ግን ነገሩን ሰፋ አድርጎ አየው። ሜታፊዚክስ በሚባለው ሥራው አምስተኛ መጽሐፍ ላይ ቃላትን አንድ በአንድ ይፈታል። መጀመሪያ የሚፈታው ቃል አርኬ ነው። መንገድ የሚጀመርበት ጫፍ አርኬ ይባላል። የመርከብ የታችኛው ወራጅ እንጨትና የቤት መሠረት አርኬ ይባላሉ። ለልጅ አባትና እናት አርኬ ናቸው። ከተማን የሚገዙት አርኬ ይባላሉ፤ በእነሱ ፈቃድ ሌላው ይንቀሳቀሳልና። አንድ ማስረጃ የሚነሣበት ሐሳብም አርኬ ነው። የሁሉም የጋራ ነገር፣ ይላል፣ መጀመሪያ መሆን ነው። አንድ ነገር ከዚያ ተነሥቶ ይሆናል፣ ወይም ይገኛል፣ ወይም ይታወቃል።

የመርከቡን እንጨት ሳነብ ታንኳ ትዝ ይለኛል። የእኛ ታንኳ ያን የመሰለ እንጨት የለውም፤ ከደንገል ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር አንድ ታንኳ ሠሪ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን እስር ለማስተካከል የወሰደበት ጊዜ ከቀረው ሥራ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያስራል፣ ይፈታል፣ በዓይኑ ይለካል፣ ደግሞ ያስራል። ታንኳው ካለቀ በኋላ ያ እስር አይታይም። ሌላው ደንገል ሸፍኖታል። ጥምም ካለ ግን ቀዛፊው በየመቅዘፊያው ያውቀዋል።

ከአርስቶትል ሁሉ የምወደው አንድ ቦታ አለ። የሥነ ምግባር ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ፕላቶ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር ይላል። መንገዳችን ከመርህ የሚነሣ ነው ወይስ ወደ መርህ የሚሄድ? የሩጫ ሜዳ ላይ ከዳኞቹ ወደ ማዞሪያው መሮጥና ከማዞሪያው መመለስ እንደሚለያይ ሁሉ፣ እነዚህም ይለያያሉ። አርስቶትል ሲመልስ ለእኛ ከሚታወቀው እንነሣ ይላል። በራሱ የመጀመሪያ የሆነው ነገር ለእኛ የመጀመሪያ አይደለምና።

ይህን ባሕር ዳር ሆኖ አለመረዳት ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቁሙ። 380 ሜትር ነው። ለከተማው ልጅ ዓባይ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከጣና የሚወጣው ብቸኛ ወንዝ እሱ ነው። ወደ ሐይቁ ግን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ሌሎችም ይገባሉ። ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ዓባይ ከጣና አይጀምርም ይሏችኋል። ሐይቁን ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ይላሉ። መነሻው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። ፈረንጆቹ ፓኤዝና ብሩስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዱ በ1618 ሌላው በ1770፣ ደረስንበት ብለው ጻፉ፤ የአገሩ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ጠበሉን ይጠጣ ነበር።

ግሽ ዓባይ ሄጃለሁ። እንደ ጠበቅሁት አይደለም። ድልድዩን ያየ ሰው ትልቅ ነገር ይጠብቃል። ያየሁት ረግረግ መስክ፣ ሣርና የምትንቆረቆር ትንሽ ምንጭ ነው። ሰው በጀሪካን ይቀዳል። አንዲት እናት ልጃቸውን ግንባሩ ላይ ውኃ ያስነኩታል። ያ ሁሉ ወንዝ ከዚህ ነው የመጣው ብሎ ማመን ይከብዳል። መርህም ሲያገኙት እንዲህ ያለ ይመስለኛል። እኔ በአንቀጽ የተከፋፈለ፣ ማኅተም ያለው ነገር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ዝናብ የመታቸው አራት ሰዎች ጥግ ቆመው የተናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ምንጩን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያው አሁንም ይገዛል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። ለዚህ ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ተሻገሩ።

ዘጌ ጫካ ነው። ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ፣ ከላይ ትልልቅ የአገር ዛፍ። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሷል፤ ዘጌ ግን በበሬ አይታረስም። አባቶች ሲናገሩ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዚህች ምድር ሳታርሱ ትኖራላችሁ የሚል ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ይላሉ። ያ ቃል በስንት መንግሥት ውስጥ አለፈ። ዛሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም በቡናው ጥላ ሥር ስትሄዱ የምትሄዱት በዚያ ቃል ውስጥ ነው። እዚያ ቃሉን አንብቦ የሚተገብር አላየሁም። አንዱን ገበሬ ለምን አታርሱም ብዬ ብጠይቀው "ዘጌ እኮ ነው" አለኝ። ለእሱ መልሱ አልቋል። ግሪኮቹ መጀመሪያንና ገዥን በአንድ ቃል የጠሩበት ምክንያት ዘጌ ላይ በዓይን ይታያል።

በዚያው ሐይቅ ሰሜን በኩል ደግሞ ተቃራኒው ታይቷል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ ሁሉ ይከተለኝ አሉ። ብዙ ደም ፈሰሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከፊት የወጣ አዋጅ ነበር፤ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ግን ከኋላ መነሻ አልነበረውም። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልልም። የታሪክ ሰዎች አሉበት።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ልግባ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ እምነት ነው የምናገረውና ተረጋግቼ ልናገር።

ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። "አብ አባት ከሆነ ከልጁ አይቀድምም?" አልኩ። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። "ሙቀቱ ይሰማሃል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ፀሐይ ብርሃኗን ሳትወልድ የኖረችበት ቀን ያለ ይመስልሃል?" አሉ። ያኔ የገባኝ ግማሹ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ የአርዮስን ክርክር ሳነብ ነው ቀሪው የገባኝ። አርዮስ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ ይህን አወገዙ። አብ ወላዲ ነው፣ ወልድ ተወላዲ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ ነው። አብ መገኛ ነው፤ ግን በጊዜ አይቀድምም።

ይህ ለፍልስፍናም ከባድ ነገር ነው። መጀመሪያ ሲባል የምናስበው የሰዓት ቆጠራን ነው። መጀመሪያ ይህ ነበር፣ ከዚያ ያ መጣ። የሃይማኖት አባቶች ግን ጊዜ የሌለበት መጀመሪያ አለ አሉ። ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጀምር "ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ" ይላል። በግሪኩ እዚያ ያለው ቃል አርኬ ነው። ያ "ቀዳሚ" አልፎ የሄደ ዘመን አይደለም። የእድራችንም መጀመሪያ እንዲህ ይሰማኛል። ቀኑ አልፏል፤ አባባ ሲናገሩት ግን ያለፈ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ርእሱንም የወሰድኩት ከዚያ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 19 ላይ ፈሪሳውያን ጌታን ስለ ፍቺ ይጠይቁታል። ሙሴ የፍቺ ወረቀት እንዲሰጥ አዟል አሉት። ጌታ ሲመልስ ሙሴ ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ፈቀደላችሁ፣ "ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም" አለ። ግሪኩ ውስጥ "ጥንት" የሚለው ያው አርኬ ነው። ሕጉን አልሻረም፣ አልናቀም። ከሕጉ ጀርባ ወዳለው ቀን ነው የወሰዳቸው። አባባም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚያ ቦታ ላይ ወደ ጥንቱ መመለሱ ነገሩን አላላላውም። አጠበቀው እንጂ። ሙሴ የፈቀደውን እሱ ከለከለ። ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ደንግጠው እንዲህ ከሆነስ መጋባት አይጠቅምም አሉ። ይህን የምለው መርህን ከይሉኝታ ጋር እንዳናምታታው ብዬ ነው። "ደንቡን ተወው፣ መንፈሱን ያዝ" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሚቀለውን ነው። ወደ መነሻው በእውነት የተመለሰ ሰው ግን የሚጠብቀው የሚቀለው ይሁን የሚከብደው አያውቅም። በማርቆስ ወንጌል "ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል" ያለውም ያው ጌታ ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ፈታ ያደርጋል። መነሻው ነው የሚወስነው።

የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሙስሊም ነው። ጓደኛዬም ነው። ነገሩን ሱቁ ቁጭ ብለን ስናወራ "በእኛ ዘንድ ኡሱል ይባላል" አለኝ። ሥሮች ማለት ነው። አንድ ሥር ብቻውን አስል ይባላል። የሕግ ዐዋቂዎች አዲስ ጉዳይ ሲገጥማቸው ሥሩ ላይ የተፈረደውን ያያሉ፣ ምክንያቱን ይፈልጋሉ፣ ያ ምክንያት አዲሱም ላይ ካለ ፍርዱን ያስተላልፋሉ። የወይን ጠጅ የተከለከለው ስለሚያሰክር ከሆነ ሌላውም የሚያሰክር መጠጥ ይከለከላል። "ምክንያቱን ሳያውቁ ፍርዱን መያዝ ቅርንጫፍ ቆርጦ ችግኝ ነው ብሎ መትከል ነው" አለኝ። የእሱ የራሱ አባባል ነው፤ ወደድኩት።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መሠረታዊ ትምህርቷን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትላለች። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። አዕማድ ምሰሶዎች ናቸው። ምንጭ፣ መሠረት፣ ሥር፣ ምሰሶ፣ መሪ። ሰው ይህን ነገር በአንድ ምስል መያዝ ያቃተው ይመስለኛል። እኔ አንዱን ምረጥ ብባል ሥርን እመርጣለሁ። ምሰሶ አይጠጣም።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ። መነሻው ራሱ በምን ይረጋገጣል? አርስቶትል ለዚህ የሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜና በአንድ መልኩ ነውም አይደለምም ማለት አይቻልም። ይህን አረጋግጥልኝ የሚል ሰው ካለ ማስረጃ የሚፈለግለትንና የማይፈለግለትን ለይቶ አልተማረም ይላል። ለሁሉ ማስረጃ ከተጠየቀ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ ምንም አይረጋገጥም። የሚክድ ሰው ካለ አንድ ትርጉም ያለው ነገር ይናገር። ከተናገረ መርሁን ተጠቅሟል። አልናገርም ካለ ከተክል በምን ይለያል?

ለሐሳብ ይህ ይበቃል። ለኑሮስ? "በዚህ ሰፈር ሰው እንዲህ አይቀበርም" የሚለውን በምን ላረጋግጠው? ከምንም በላይ ካለ ሐሳብ አልወጣም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 ባሳተመው ሥራው እንዳለው፣ ለሁሉም ሰው ሕግ ቢሆን የምትፈቅደውን ብቻ አድርግ ብዬ ብጀምር አራት ወር ያልከፈለችውን ሴት እቀጣለሁ፤ ስብሰባው ላይ ያደረግሁትም ይህንኑ ነበር። አሁን ሳስበው ካንትን በደልኩት። ለሁሉ ሕግ ይሁን ብዬ የጠየቅሁት "ያልከፈለ አይቀበር" የሚለውን አልነበረም። ያንንስ እኔም ለራሴ እናት አልፈቅድም። የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ነው ያቀረብኩለት። ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ካንት አይሰጠኝም። ጭቃ ውስጥ ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው የሚሰጠኝ።

እዚህ ላይ ነው ፍልስፍናና ሃይማኖት ለእኔ የሚለያዩት። ፈላስፋው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ የሚደርሰው የማይረጋገጥ ሐሳብ ላይ ነው። አማኙ የሚደርሰው አንድ አካል ዘንድ ነው። ሐሳብ አይጠይቅህም። አካል ግን የት ነበርክ ይልሃል።

የኔታን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤያቸዋለሁ። ከቤታቸው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሄዱ አንድ የቆሎ ተማሪ የከዘራቸውን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ጉድጓዱን፣ ባጃጁን፣ ድንጋዩን የሚያየው ልጁ ነው። ግን የት እንደሚሄዱ የሚያውቁት ከኋላ ያሉት ናቸው። ልጁ "እዚህ ጋ ውኃ ነው የኔታ" ይላል፤ እሳቸው "በግራ ዙር፣ ቅጽሩ እዚያ ነው" ይላሉ። ደንብ ያ ልጅ ነው ብዬ አስባለሁ። ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ገደል ነው። ከዘራውን ለቆ ብቻውን ሲሮጥ ግን መሪ መሆኑ ይቀራል። እኔ ስልኩ በጠራበት ጠዋት ከዘራውን ለቅቄ ነበር።

እድሩ ውስጥ ነገሩ በቀላሉ አላለቀም። አባባ ከተናገሩ በኋላ በነበረው ወር ሦስት ሰዎች መዋጮ አዘገዩ። አንዱ በግልጽ "መርሁ መቅበር ነው ተብሏል አይደል?" አለ። ገንዘብ ያዡ ተቆጣ። "ድንኳኑ በልብ አይገዛም፤ የተቀደደውን ማን ያሰፋዋል?" አለ። እውነቱን ነው። ሁለት እሑድ ተከራከርን። አንዳንዱ ስብሰባ ላይ ሰው ወንበር ገፍቶ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሬሳ ሳጥንና ተሸካሚ ለማንም አይከለከልም ተባለ። በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ውዝፍ እስኪከፈል ይቆያል። ፍጹም ነው አልልም። ሁለት ሰዎች አሁንም አኩርፈዋል። ደንቡን እንደ ገና የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቀጽ አንድ ላይ "ለመረዳዳት" የሚለውን ሰርዤ የአባባን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አስገባሁት።

ጳጉሜን ላይ ወደ ሴትየዋ ሄድኩ። ማታ ነው። ሐይቁ ዳር ከሰሏን አቀጣጥላ ተቀምጣለች። ምን እንደምል ስንት ቀን አስቤበት ነበር። ሳያት ሁሉም ጠፋኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። "ድንኳኑን የከለከልኩት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።"

በቆሎውን አገላበጠችው። ከጉያዋ በመሐረብ የታሰረ ብር አወጣች። "የአራት ወሩ ነው፤ እሸቱ እስኪደርስ እጄ ባዶ ነበር" አለች። ቆጥራ ሰጠችኝ። ደረሰኝ ጻፍኩላት፤ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ደረሰኙን አየችውና አጥፋ መሐረቡ ውስጥ አሰረችው።

ከዚያ አንድ የበሰለ በቆሎ በቅጠሉ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ኪሴ ገባሁ። እጄን በእጇ መለሰችው።

"ተው እንጂ ወንድሜ" አለች። "ለቅሶ ልትደርስ አይደል የመጣኸው?"